ላብ ነፋስ ይፈልጋል

ባለፈው ሚያዝያ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚሄድ ቅጥቅጥ ተሳፍሬ ነበር። ወረታን ለቀን፣ የርብን ድልድይ ተሻግረን ይፋግ ስንደርስ ረዳቱ ሰው ለማውረድና ለመጫን አስቆመ። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። የመኪናው ጣራ በእጅ አይነካም። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት እናት ገና ጥርስ ያላበቀለ ልጇን በፎጣ፣ በፎጣው ላይ በብርድ ልብስ፣ በዚያ ላይ በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው፤ እሱም በርበሬ መስሏል። ጸጉሩ በላብ ርሶ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። ብዙ ከማልቀሱ የተነሳ ድምፁ ሰልሏል። መስኮቱን አራት ጣት ያህል ከፈት አደረግሁት።

ከየወንበሩ ጮኹብኝ። «ኧረ ዝጉት!» «ሕጻን አለ እኮ!» ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን በለሰለሰ ድምፅ «ተው የኔ ልጅ፣ ነፋስ ይመታዋል፤ ዝጋው» አሉኝ። የሕጻኑ እናት ምንም አላለችም። ዓይኗን አየሁት፤ ለልጇ ፈርታለች። ዘጋሁት። እስከ አዲስ ዘመን ድረስ አርባ ሰው እየተቀባበለ በተነፈሰው አየር ውስጥ ተቀቀልን። መስኮቱን መዝጋቴ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ያኔ የዋጥሁትን ቃል ዛሬ ልናገረው።

«ላብ ላይ ነፋስ ይመታል» የሚለው እምነት በአገራችን የተማረና ያልተማረ፣ ከተሜና ባላገር አይለይም። ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቁ በሽተኞች ክፍል ውስጥ መስኮቱ ዝግ ነው። ሰባ ተማሪ የታጨቀበት የቆርቆሮ ክፍል መስኮቱ ዝግ ነው። የአራስ ቤት በሩም መስኮቱም ዝግ ነው። መኪናውንማ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰው ሁሉ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ፣ በቲኬቱ ቁራጭ እያራገበ፣ መስታወቱን ግን ግጥም አድርጎ ዘግቶ ይሄዳል። ይህ እምነት ስሕተት ነው እላለሁ። ጉዳት የሌለው ስሕተት ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ፤ ነገር ግን በሙቀት አገር ሰው የሚገድል ስሕተት ነው።

ሰውነታችን ምድጃ ነው። ቁጭ ያለ ሰው ምንም ሳይሠራ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። አርባ ሰው የጫነ ቅጥቅጥ ማለት እንግዲህ ውስጡ አንድ ምጣድ ተጥዶበት፣ ከላይ ፀሐይ እየወረደበት፣ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ የሚጓዝ ቤት ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት መውጫ ይፈልጋል። አየሩ ከቆዳችን የቀዘቀዘ ሲሆን ሙቀቱ በራሱ ከእኛ ወደ አየሩ ይሄዳል። ቆዳችን ሲሞቀን 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ አየሩም ወደዚያው ሲጠጋ ያ በር ይዘጋል፤ ሲያልፈው ደግሞ ሙቀቱ ተገልብጦ ከአየሩ ወደ እኛ ይገባል። ያን ጊዜ የሚቀረን አንድ በር ብቻ ነው፤ ላብ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ላብ በመውጣቱ ብቻ አያቀዘቅዝም። ከግንባር ተንጠባጥቦ ሸሚዝ ያራሰ ላብ ውሃና ጨው ወሰደብን እንጂ ሙቀት አልወሰደልንም። የሚያቀዘቅዘው ቆዳ ላይ የደረቀው ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ተንኖ ሲደርቅ 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ቁጭ ያለ ሰው በስድስት ሰባት ሰዓት ውስጥ የሚያወጣውን ሙቀት ማለት ነው። ላብ እንዲደርቅ ደግሞ በላዩ ላይ ያለው እርጥብ አየር ተነሥቶ ደረቅ አየር ሊተካው ይገባል። ያንን የሚያደርገው ነፋስ ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ የአርባ ሰው ላብና ትንፋሽ አየሩን ያጠግበዋል፤ ከዚያ በኋላ ላባችን መሄጃ አጥቶ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። ልብም ሙቀቱን ወደ ቆዳ ለማድረስ ደም እየገፋ ይደክማል። የእጃችን ደም ሥር የሚያብጠው፣ እግራችን የሚከብደው፣ ከመኪና ስንወርድ የሚያዞረን ለዚህ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ እናቴ ናት። ቤታችን ውስጥ የመጠጥ ውሃ የሚቀመጠው በገንቦ ነበር። ገንቦው ላዩ ሁልጊዜ ያወዛል፤ ሸክላ ነውና ውሃው በቀጭኑ ይሰርጋል። እናቴ በበጋ ከጓዳ አውጥታ ነፋስ በሚያገኘው በር ጥግ ታስቀምጠውና እርጥብ ጨርቅ ጣል ታደርግበታለች። ማታ የሚጠጣው ውሃ ጥርስ ያማል። ነፋሱ የገንቦውን ላብ እያደረቀ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ያቺው እናቴ እኔ ሮጬ፣ አልቦኝ ስገባ ከዚያው በር ጥግ ታስነሳኝ ነበር፤ «ነፋስ ይመታሃል» እያለች። ለገንቦው የምታውቀውን ለልጇ ሥጋ አላመነችውም። በዚህ አልፈርድባትም፤ የነገሯትን ነው የነገረችኝ።

አሁን ተቃዋሚዎቼን በቅጡ ልስማቸው። የመጀመሪያው ክርክር «ነፋስ መቶኝ ታምሜ አውቃለሁ» የሚል ነው። ማንም የራሱን ሕመም አይዋሽም፤ መታመሙ እውነት ነው። ጉንፋን የሚያመጣው ግን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። በእንግሊዝ አገር ሳልስበሪ ከተማ አጠገብ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ጉንፋንን ብቻ የሚያጠና ጣቢያ ነበር። እዚያ ፈቃደኛ ሰዎች ሙቅ ውሃ ታጥበው፣ ሳይደርቁ፣ ነፋስ በሚያልፍበት መተላለፊያ ግማሽ ሰዓት እንዲቆሙ፣ ከዚያም እርጥብ ካልሲ አድርገው እንዲቆዩ ተደረገ። በረዳቸው፣ ተንዘፈዘፉ፤ ብርዱ ብቻውን ግን ጉንፋን አላስያዛቸውም። በሐቅ ለመከራከር ሌላውንም መናገር አለብኝ። በ2005 እ.ኤ.አ. በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ እግራቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የነከሩ ሰዎች በቀጣዮቹ ቀናት ካልነከሩት ይልቅ ጉንፋን ያዘን ብለዋል። የተመራማሪዎቹ ግምት ቫይረሱ አስቀድሞ አፍንጫቸው ውስጥ ነበር፣ ብርዱ አጋለጠው የሚል ነው። ይሁን። ነገር ግን ያ በሰሜን አውሮፓ ብርድ እግሩን የነከረ ሰው ነው፤ በሚያዝያ ፀሐይ ይፋግ ላይ ከሚያልበው ሕጻን ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቫይረሱ ከሰው ከመጣ ደግሞ ከየት እንደያዘን እናስብ። በተዘጋ መኪና ሦስት ሰዓት ተቀምጠን፣ ከፊታችን አንዱ ሲያስል፣ ከኋላችን ሌላው ሲያስነጥስ ቆይተን ጎንደር ስንወርድ ለአንድ ደቂቃ ነፋስ ያገኘናል። በሁለተኛው ቀን ጉሮሯችን ሲከረክር የምናስታውሰው ነፋሱን ነው፤ ሦስቱን ሰዓት እንረሳለን። ጉንፋንስ ይሻላል፤ ሳንባ ነቀርሳም የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው፤ አገራችንም ሸክሙ ከከበደባቸው አገሮች አንዷ ናት። ፔሩ ውስጥ በሊማ ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሰላው፣ ሕክምና ካልጀመሩ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞች ጋር አንድ ቀን ሙሉ ቢቆዩ፣ በማሽን አየር በሚገባላቸው ክፍሎች ከተጋለጡት 39 በመቶው ይያዛሉ፤ ጣራቸው ከፍ ባለ፣ መስኮታቸው ሰፊ በሆነና ወለል ብሎ በተከፈተ የድሮ ክፍሎች ግን 11 በመቶው። መስኮት መክፈት ማሽኑን በለጠው። እኛም ይህን የምናውቅበት ጊዜ ነበር። በ2012 መጋቢት ኮሮና አገራችን ገባ ሲባል ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ስከፍት የተቆጣኝ ሰው አልነበረም። ፍርሃታችን ትክክለኛውን ጠላት ያገኘው ለእነዚያ ጥቂት ወራት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክርክር የአባቶች ነው፤ እሱን አከብረዋለሁ። ይህ ምክር ከባዶ አልተነሣም። ርብ የሚነሣበትን የጉናን ተራራ አስቡ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ዳገት የወጣ ሰው፣ ሸክም የተሸከመ፣ ማሳ ሲያርስ የዋለ ሰው አልቦት ሳለ ጫፍ ላይ አረፍ ቢል ነፋሱ ሙቀቱን አንድ ጊዜ ገፎ ይወስድበታል፤ ሥራውን አቁሟልና ሰውነቱ የሚተካ ሙቀት የለውም። በዚያ ላይ ማታው ውርጭ ነው። ለዚህ ሰው «ላብህ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ አትቁም፣ ጋቢህን ደርብ» ማለት ሕይወት የሚያድን ምክር ነው። የጉና፣ የስሜን፣ የመንዝ ሰው ይህን በሥጋው አውቆ ለልጁ ነገረ። ልጁ ግን ተራራውን ወርዶ ፎገራ ሜዳ ላይ ሠፈረ። የልጅ ልጁ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው መተማ ሰሊጥ ሊያርም ወረደ። ምክሩ አብሮ ወረደ፤ ብርዱ ግን ላይ ቀረ። ደጋ ላይ ያዳነን ቃል ቆላ ላይ እየጎዳን ነው።

አባቶችን ካነሣን ዘንዳ ሥራቸውንም እንይ። የፎገራ ገበሬ ሩዝ ሲያርም ይውላል፤ ጀርባው በላብ ርሶ፣ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ እየነፈሰበት። ነፋሱን ሲያገኝ ቀና ብሎ «ተመስገን» ይላል። ያው ሰው ማታ መኪና ሲሳፈር መስኮት ይፈራል። ሾፌሩንም ተመልከቱት። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደርሶ መልስ፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል። ነፋስ የሚገድል ቢሆን ሾፌር የሚባል በአገሩ ባልቀረ ነበር። የእሱ መስኮት ለምን እንደተከፈተ ማንም አይጠይቀውም፤ እንቅልፍ እንዳይጥለው ነው፣ መተንፈስ ስላለበት ነው። የእኛስ ልጅ?

በዚህ እምነት ብቻችንን አይደለንም። ኮሪያውያን በተዘጋ ክፍል ማራገቢያ ከፍቶ የተኛ ሰው ይሞታል ብለው ብዙ ዘመን ስላመኑ ማራገቢያዎቻቸው በሰዓት የሚጠፉ ሆነው ይሸጡ ነበር። ጣልያኖች «ኮልፖ ዳሪያ» ብለው የአየር ምት ይፈራሉ፤ ሰርቦች «ፕሮማያ» እያሉ ከበርና መስኮት መካከል ልጆቻቸውን ያሸሻሉ። የብዙ ሕዝብ ስሕተት መሆኑ ግን ለእኛ ሕጻን አያቀዘቅዝለትም።

ሦስተኛው ነገር ምች ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ፀሐይ የዋለበት ሰው ራሱን ሲያመው፣ ትኩሳት ሲይዘው፣ ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣበት «ምች መታው» እንላለን። ዳማከሴ በጥሰን፣ አሽተን፣ እናስሸትተዋለን፣ እናጠጣዋለን፣ እንቀባዋለን። ብዙ የተማሩ ሰዎች ይህን ተረት ብለው ያልፉታል። እኔ አላልፈውም፤ አያቶቻችን ያዩት ነገር እውነት ነበርና። የከንፈሩ ቁስል የሚመጣው ሄርፐስ ከሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ጠንካራ ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል። ፀሐይንና የከንፈርን ቁስል ያለ ላቦራቶሪ ያገናኙ ሰዎች ዓይናቸው ስል ነበር። ችግሩ ምች የሚለው ስም መስፋቱ ነው። የከንፈር ቁስል ምች ነው፤ ጉንፋን ምች ነው፤ ወባ ሲጀምር ምች ነው፤ ሙቀት የጣለው ሰውም ምች ነው። መድኃኒቱም ለሁሉም አንድ ሆነ፤ ከነፋስ አስገባው፣ ሸፍነው፣ ያልበው።

ለጉንፋን ቢሸፈን ሰው አይሞትም። ሙቀት ለጣለው ግን ጋቢው መግነዝ ነው።

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከይፋግ፣ ከአዲስ ዘመን፣ ከፎገራ ወጣቶች ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ። የሰሊጥ ማሳው ሰፊ ነው፣ ዛፍ የለበትም። ዝናብ ካባራ በኋላ መሬቱ እንፋሎት ይተፋል፤ አየሩ በእርጥበት ስለሚጠግብ ላብ አይደርቅም። ክፍያው ባረሙት ልክ ነውና ማንም ማረፍ አይፈልግም። ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል፤ ይህ እውነት ነው። ላቡ ቶሎ ይጀምራል፣ ይበዛል፣ ጨውነቱ ይቀንሳል፣ በደም ውስጥ ያለው ውሃ ይጨምራል። ለዚህ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ትናንት ከደጋ የወረደ ልጅ ዛሬ ጠዋት ከለመዱት ጋር እኩል ሲያርም ይውላል። ከሰዓት በኋላ መዘባረቅ ይጀምራል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። ይህ የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ አልፎ አእምሮውን መንካቱ ነው። ጓደኞቹ ይወዱታል። ተሸክመው ዳስ ያስገቡታል፣ በራፉን በሸራ ይጋርዳሉ፣ ያላቸውን ልብስ ሁሉ ይደርቡበታል። «ወባ ነው» ይላል አንዱ፤ «ምች ነው» ይላል ሌላው።

ስም ሕመምን ሲጋርድ ምን እንደሚሆን የይፋግ አካባቢ ከሌላው ይልቅ ያውቃል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ መድኃኒት የማይበግረው ወባ። ሲመረመር ካላዛር የሚባል ሌላ በሽታ ሆነ፤ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ በወረዱ ሰዎች ሳይመጣ እንዳልቀረ የተገመተ። ትክክለኛው ስም እስኪገኝ ድረስ ስንት ሰው ተቀበረ።

ሙቀት የጣለው ሰው የሚያስፈልገው የተገላቢጦሹ ነው፤ ጥላ ሥር ማስገባት፣ ልብሱን ማውለቅ፣ ከራሱ እስከ እግሩ በውሃ ማራስና ያለ ማቋረጥ ማራገብ። በሰፌድም ይሁን በካርቶን ቁራጭ፣ ማራገብ። ጊዜው በደቂቃ ነው የሚቆጠረው፤ ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ መቀዝቀዝ አለበት። ሐኪም ቤት እስኪደርስም ውሃውና ነፋሱ መቋረጥ የለባቸውም። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይጨመርለት።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። አየሩ ከ40 ዲግሪ ካለፈና ቆዳ ደረቅ ከሆነ ነፋስ እንደ ምድጃ ወላፈን ያሞቃል። መተማና ሑመራ በሚያዝያና በግንቦት እንዲህ የሚሆንበት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ ከነፋሱ በፊት ውሃ ነው። የጎንደር መንገድ አቧራም እውነት ነው፤ አቧራ ሲነሣ ዘግቶ ሲያልፍ መክፈት ይቻላል። ከዚህ በተረፈ በይፋግ ሜዳ፣ በባሕር ዳር፣ በወረታ፣ በበጋ ቀን መስኮት የሚያዘጋ ምክንያት አላገኘሁም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሕጻኑ ነው። ሕጻን ከክብደቱ አንጻር ቆዳው ሰፊ ነው፤ በሞቀ አየር ውስጥ ከእኛ ቀድሞ ይሞቃል። ላቡም እንደ አዋቂ አይሠራለትም። ብርድ ልብሱን ገፎ መጣል አይችልም፤ የሚችለው ማልቀስ ነው፤ ሲያለቅስ ደግሞ «በረደው» ብለን እንደርብበታለን። ሕጻናት ተኝተው ሳሉ ድንገት ለሚሞቱበት ችግር ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ከመጠን በላይ መጠቅለልና መሞቅ መሆኑ የታወቀ ነው። ያቺ እናት በዚያ ሙቀት ሦስት ልብስ የደረበችበት ከፍቅሯ ብዛት ነው፤ ይህን የነገርናትም እኛ ነን፣ እናቶቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ደግ ሴት። «እህቴ፣ ላላ አድርጊለት፤ መስኮቱን ትንሽ እንክፈትለት» ለማለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ሰው ሁሉ ሲጮህ አፈርሁ።

አዲስ ዘመን ደርሰን ልትወርድ ስትል ልጁን ያዝሁላት። በብርድ ልብሱ ላይ እንኳ እጄን አሞቀኝ። ከታች ተቀበለችኝና ሻንጣዋን ለማንሣት ስታጎነብስ ነጠላው ከራሱ ላይ ሸተት አለ። ከጣና በኩል ነፋስ መጣ። እርጥብ ጸጉሩ ተነቃነቀ፤ ልጁ ለቅሶውን አቋረጠ፤ አፉን ከፈት አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ከኋላው መስኮት «ኧረ ሸፍኚው!» የሚል ድምፅ ሲመጣ ደነገጠችና ነጠላውን ቶሎ መልሳ ጫነችበት።